የኢንተርኔትን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ትንሽ ሆቴል አንድ አልጋ ሲከራይ፣ ከኪራዩ ላይ ተቆርሶ አምስተርዳም የሚገባ ገንዘብ አለ። ከአምስተርዳሙ ላይ ደግሞ ተቆርሶ ካሊፎርኒያ የሚደርስ አለ። ሆቴሉ እዚሁ ነው፤ አልጋው እዚሁ ነው። ቁርሱን የምትሠራው የአዘዞ ልጅ ናት። እንግዳው የመጣው የፋሲልን ግቢ ለማየት ነው። ታዲያ ብሩ ለምን ያን ያህል አገር ያቋርጣል? ይህ በደንብ ከገባን፣ ኢንተርኔት ዛሬ ያለውን መልክ ለምን እንደያዘ አብዛኛው ይገባናል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።)

እስቲ ብሩን እንከተለው። አንዲት ሆላንዳዊት ጥምቀትን ጎንደር መጥታ ለማየት አስባለች እንበል። ስልኳን ታወጣና ጉግል ላይ «ሆቴል ጎንደር» ብላ ትጽፋለች። ከላይ የሚመጡላት ጥቂት ውጤቶች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ናቸው፤ በደቃቅ ፊደል ተጽፎባቸዋል። ያን ቦታ የፒያሳው ሆቴል አልገዛውም፤ አቅሙም የለው። የገዛው አምስተርዳም እንደሚገኘው ቡኪንግ ዶት ኮም ያለ፣ እንግዳን ከሆቴል የሚያገናኝ ትልቅ አገናኝ ድርጅት ነው። ሴትዮዋ ማስታወቂያውን ስትነካ አገናኙ ካሊፎርኒያ ላለው ጉግል ይከፍላል። አልጋ ያዘች አልያዘች፣ ጉግል ሒሳቡን አግኝቷል። አልጋ ከያዘች ደግሞ አገናኙ ከሆቴሉ ኮሚሽን ይወስዳል። ቡኪንግ ላይ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ነው። አልጋው 3000 ብር ቢሆን 450 ብር ሄደ ማለት ነው።

የቡኪንግ እናት ኩባንያ በ2023 ብቻ ለማስታወቂያና ለገበያ ሥራ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ከዚህ ውስጥ ጉግል ትልቅ ድርሻ አለው። ያ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። በዓለም ዙሪያ ከሚከራዩ አልጋዎች የተለቀመ ነው።

ይህን ስል አገናኙ ዝም ብሎ ይበላል ማለቴ አይደለም። ያለ እሱ ሆላንዳዊቷ ሆቴሉ መኖሩንም አታውቅም ነበር። የማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው የካርዱን ቁጥር የሚሰጠው ለሚያምነው ስም ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። እንግዳው ሁሉ በዚያ በር መግባት ከለመደ፣ ሆቴሉ ልውጣ ቢል መውጫ የለውም። ኮሚሽኑ ቢጨመርበትም ይቆያል። «ከፍ ብለህ መታየት ከፈለግህ ትንሽ ጨምር» ቢባልም ይጨምራል፤ ጎረቤቱ ጨምሯላ። ኢንተርኔት ላይ ትልቁ ትርፍ ያለው በሻጭና በገዢ መሀል መቀመጥ ላይ ነው።

መሀል የመቀመጥ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ፍርድ ቤት አውጥቶታል። ጉግል በ2021 ስልኮችና ማሰሻዎች (ድረ ገጽ የምንከፍትባቸው ፕሮግራሞች) ሲከፈቱ ቀድሞ የሚመጣው ፍለጋ የእሱ እንዲሆን ለአፕልና ለሌሎች ኩባንያዎች 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በኦገስት 2024 አሚት ሜህታ የተባሉ የአሜሪካ ዳኛ ኩባንያው የፍለጋ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በብቸኝነት ይዟል ሲሉ ፈርደዋል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። እዚህ መንገዱ ራሱ ነው የተገዛው።

ሲጀመር ገበያ አልነበረም

ኢንተርኔት የተወለደው በመንግሥት ገንዘብ ነው። በ1969 አርፓኔት የሚባል መረብ ጥቂት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችንና የምርምር ተቋማትን አገናኘ። ወጪውን የቻለው የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር ነበር። በ1980ዎቹ ተራው የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሆነ። ፋውንዴሽኑ ኤንኤስኤፍኔት የሚባለውን ዋና መስመር ሲዘረጋ ደንብ አወጣለት፦ መስመሩ ለምርምርና ለትምህርት እንጂ ለንግድ አይውልም። በዚያ መስመር ላይ ዕቃ ማስተዋወቅ ክልክል ነበር።

ከ1993 እስከ 1995 ባሉት ሁለት ዓመታት ግን ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የተባለ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ቲም በርነርስ ሊ ቀደም ብሎ ዌብን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ገጾችን የሚያያይዘውን ሥርዓት፣ ፈልስፎ ነበር። ማዕከሉም ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይጠቀምበት ብሎ ለቀቀው። ኤፕሪል 30 ቀን 1995 ደግሞ የኤንኤስኤፍኔት አገልግሎት አብቅቶ ዋናው መስመር በግል ኩባንያዎች እጅ ገባ። የንግድ ክልከላውም አብሮ ቀረ።

አሁን ጥያቄ መጣ። ድረ ገጽ የሚያዘጋጀው ሰው ከየት ይብላ?

ታስቦ ያልተሄደበት አንድ መንገድ ነበር። ዌብ ላይ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚመላለሷቸው የቁጥር መልእክቶች አሉ። ገጹ አልተገኘም የሚለውን 404 ሁላችንም አይተነዋል። ከእሱ ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲል 402 አለ። «ክፍያ ያስፈልጋል» ነው የሚለው። አንድ ቀን አንባቢ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ገጽ ይከፍታል ተብሎ ቦታ ተይዞለት ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በጊዜው በኢንተርኔት ሳንቲም መላክ ከባድ ነበር። በካርድ ይከፈል ቢባል፣ የካርዱ ኮሚሽን ራሱ ከሚከፈለው ሳንቲም ይበልጣል።

ማስታወቂያ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ ከገጹ ላይ ቦታ ቆርሶ ለማስታወቂያ ሸጠ። ከገዢዎቹ አንዱ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ ኔትስኬፕ በሚባል የማሰሻ ኩባንያ የሚሠራ ባለሙያ ኩኪን ሠራ። ኩኪ ማለት ድረ ገጹ በኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ ናት፤ ስንመለስ ያውቀናል። ገዢ የመረጠው ዕቃ እንዳይጠፋበት የታሰበች ነበረች። ብዙም ሳይቆይ የማስታወቂያ ድርጅቶች ሰውን ከገጽ ገጽ የሚከታተሉባት ሆነች።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። ሁሉም ገጽ ክፍያ ቢጠይቅ ኖሮ እኛ ብዙውን አናነብም ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያለ ተማሪ ያልገባውን ትምህርት ዩቲዩብ ላይ ገብቶ ሳይከፍል የሚያየው ሌላ ሰው ማስታወቂያ ስለከፈለ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን ሥራውም ለከፋዩ ያደላል። ጉግልን የመሠረቱት ሁለት ወጣቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። በ1998፣ ገና ተማሪ ሳሉ ባወጡት ጥናት፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር የፍለጋ አገልግሎት ከፈላጊው ይልቅ ለአስተዋዋቂው ማድላቱ እንደማይቀር ጽፈዋል። በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ማሲንቆውን ሁሉም ይሰማል። ግጥም የሚሰጠው ግን የሸለመው ነው። «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ቤቱ በሙሉ ይሰማለታል። ያልሸለመውም ሰው ዘፈኑ አልቀረበትም፤ የሰማው ግን የሌላ ሰው ግጥም ነው። ልዩነቱ አዝማሪ ቤት ሸላሚውን በዓይናችን እናየዋለን። ስልካችን ላይ አናየውም።

ጨረታው

አንዲት ቅዳሜ ገበያ የሀገር ልብስ የምትሸጥ ነጋዴን እንውሰድ። ጥምቀት ደርሷል፤ ጥልፉ አልቋል፤ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ገጿ ላይ ለጠፈች። ከተከታዮቿ ውስጥ ፖስቱ የሚደርሳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ለቀሩት እንዲደርስ ቡስት ማድረግ፣ ማለትም ከፍላ ማስተዋወቅ፣ አለባት። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ እንዲህ ያለ ካርድ ደግሞ ብዙ ነጋዴ እጅ ላይ የለም። ስለዚህ «ቡስት እናደርጋለን» ከሚሉት ልጆች ለአንዱ በብር ትከፍላለች፤ እሱ በዶላር ይከፍልላታል፤ የራሱንም ይቆርጣል። ገና ከመነሻው ሁለት እጅ አለፈ።

ከዚያ ጨረታው ይጀመራል። አንድ የጎንደር ልጅ ስልኩን ከፍቶ ወደ ታች ሲያንሸራትት ለማስታወቂያ የተተወ ክፍት ቦታ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት የፌስቡክ ኮምፒውተር ይህን ልጅ የሚፈልጉትን ሁሉ ያወዳድራል። አንድ ባንክ ይፈልገዋል። የአዲስ አበባ አፓርታማ ሻጭ ይፈልገዋል። ቀሚስ ሻጯም ለእህቱ ይገዛ ይሆናል ብላ ትፈልገዋለች። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ስንት ሊከፍል ተዘጋጅቷል፣ ልጁ ማስታወቂያውን የመንካት ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ማስታወቂያው ራሱ ምን ያህል ደህና ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ተሰልተው ያሸነፈው ይታያል። ይህ ሁሉ ልጁ ጣቱን ሳያነሳ ያልቃል። ጥምቀት ሰሞን ሁሉም ነጋዴ ስለሚረባረብ ዋጋው ይወደዳል። ሴትዮዋ ገዢ በጣም በምትፈልግበት ሳምንት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ልጁ ማስታወቂያውን መንካት አለመንካቱን ለመገመት ልጁን ማወቅ ያስፈልጋል። የት እንደሚውል፣ ማንን እንደሚከተል፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ ለአፍታ ቆም እንዳለ። ብዙ ሰው «እኔን ምን ያደርጉኛል? ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ?» ይላል። ሚስጥራችንን የሚፈልግ ሰው ካሊፎርኒያ ላይ የለም። የሚፈለገው ግምት ነው። ግምቱ በተሻለ ቁጥር ቦታው በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ሜታ፣ ማለትም የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት፣ በ2023 ወደ 135 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። ከ97 በመቶ በላይ የሆነው ከማስታወቂያ ነው።

ገቢው ከጨረታ ከሆነ ደግሞ ጨረታው መብዛት አለበት። ጨረታው የሚበዛው እኛ ስልኩ ላይ ስንቆይ ነው። ስለዚህ የሚታየን ነገር ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዘናል፦ ያቆየናል ወይስ አያቆየንም? በ2017 ፌስቡክ የስሜት ምልክቶችን፣ የተናደደውን ፊት ጨምሮ፣ ከላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝኑ አድርጎ ነበር። ሰውን ያናደደ ፖስት ብዙ ሰው ዘንድ ይደርስ ጀመር። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ጉዳት አለው ብለው አስጠነቀቁ። የንዴቱ ምልክት ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት እኛ አገር ፌስቡክ ላይ የነበረውን ስድብና ዛቻ የሚያስታውስ ሰው፣ ሕዝቡ በድንገት ከፋ ብሎ እንዳይደመድም እለምናለሁ። ክፋቱ የእኛ ነበር፤ ማጉያው ግን የእነሱ ነበር።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ይኸው ነገር ራቁቱን ይታያል። ማታ ማታ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሰዓት ይቆጥራል፤ «ታፕ ታፕ አድርጉልኝ፣ ጊፍት ላኩልኝ» ይባላል። ከዲሲ ወይም ከጂዳ አንድ ወገን ስጦታ ይልካል። ከስጦታው ግማሽ ያህሉ ቲክቶክ ጋ ይቀራል። ጠብ ሲጦዝ ስጦታው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጠቡ በየማታው ይታደሳል። ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ሥራ በጠፋበት ከተማ፣ ሲሳደቡ የሚከፍል ሲዋደዱ የማይከፍል ነገር ተሰጥቷቸዋል።

የእኛ ዓይን ስንት ያወጣል?

እስካሁን የተናገርኩት ጎንደርም ሆነ ኒውዮርክ ያው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ነው።

ሜታ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ በአማካይ ምን ያህል እንደሚያገኝ በየአህጉሩ ከፍሎ ያሳውቅ ነበር። በ2023 የመጨረሻ ሦስት ወራት ፌስቡክ በአሜሪካና በካናዳ ከአንድ ሰው ያገኘው 68 ዶላር ገደማ ነበር። እኛ ያለንበት፣ «የተቀረው ዓለም» ተብሎ አፍሪካን፣ ላቲን አሜሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን በአንድ የሚጠቀልለው ክፍል ላይ፣ 5 ዶላር ገደማ ነበር። እኛ ያው ሰዓት ነው የምንሰጠው፤ ምናልባትም የበለጠ። ግን አስተዋዋቂው የሚከፍለው ለኪሳችን ነው። ኪሳችን ስስ ስለሆነ ዓይናችን ርካሽ ነው።

ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይፈታል። አማርኛ ሲጻፍ የሚሳሳተው ኮምፒውተር፣ ሪፖርት ሲደረግ የማይወርደው የጥላቻ ፖስት፣ ከሰው ጋር ሳያገናኝ የሚዘጋው አካውንት፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አማርኛ የሚያነብ ተቆጣጣሪ መቅጠር ወጪ ነው። ወጪው ከሚገኘው ማስታወቂያ ጋር ሲተያይ አያዋጣም ይባላል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በኦክቶበር 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ያነሳችው በዚህ ምክንያት ነበር። ኩባንያው ለእንግሊዝኛ የሚያደርገውን ጥበቃ ለሌሎች ቋንቋዎች እንደማያደርግ ተናግራለች።

በተከታዩ ወር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ባህር ዳር፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከዛቻ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ለኩባንያው ሪፖርት ቢያደርግም በጊዜው አልወረደም ይላል። በዲሴምበር 2022 ከሌሎች ጋር ሆኖ ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል። ሜታ በበኩሉ ጥላቻንና ማነሳሳትን የሚከለክል ደንብ እንዳለው፣ በአገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ ሰዎችም እንዳሉት ይናገራል። ስለ ኢንተርኔት ንግድ ሲወራ ነገሩ የብር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ክስ ቢያነብ ጥሩ ነው።

ርካሽ መሆናችን በሌላም ይታያል። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ፣ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴና እንግዳ የሚጠብቀው አስጎብኚ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የዘጋው መንግሥት እንጂ ገበያው አይደለም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ክልል ሲጠፋ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ገቢ ላይ የሚጎድለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ካልጎደለባቸው ደግሞ ለምን ይጮሃሉ?

ስለ መስመሩ በአጭሩ ልበል። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ገመድ በጎረቤት አገር በኩል ያልፋል፤ በየድንበሩም የሚከፈል አለ። በባሕር ሥር ያሉትን ገመዶች ድሮ የሚዘረጉት የስልክ ኩባንያዎች ነበሩ፤ አሁን እነ ጉግልና ሜታ ራሳቸው ገብተውበታል። አፍሪካን የሚዞረው 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቱአፍሪካ የሚባል ገመድ ባለድርሻዎች ውስጥ ሜታ አለበት። አገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም ለረጅም ዘመን ብቻውን ነበር። የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2021 ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ። ውድድር በመምጣቱ እኔ ደስ ብሎኛል። ግን የጥቅል ዋጋ ቢወርድም፣ በጥቅሉ ውስጥ ገብተን የምናገኘው ነገር የሚወሰነው ከላይ ባየነው ጨረታ ነው።

ገበያው ያላደረገውን ሕግ ሲያደርገው

ሁሉም ነገር በማስታወቂያ ብቻ መኖር የለበትም። ዊኪፔዲያ በሰዎች መዋጮ ይኖራል፤ ማስታወቂያ የለበትም። አማርኛውን የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጽሑፎቹ 15 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ስለ ጎንደር ነገሥታት፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ሰፈሮቹ የሚጻፍ ገና ብዙ አለ። የፒያሳው ሆቴልም ጉግል ካርታ ላይ ስሙንና ስልኩን ሳይከፍል ማስመዝገብ ይችላል። በቀጥታ ለሚደውል ደንበኛ ዋጋ ቢቀንስ ከኮሚሽኑ ላይ የሚተርፈው ለሁለቱም ይበቃል።

ዋናው ለውጥ ግን የሚመጣው ከሕግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው ትንሿ ማልታ ናት። የማልታን ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። በገበያ ሚዛን ከአማርኛ ያነሰ ነበር መሆን ያለበት፤ አማርኛን አፍ የፈታበት ብቻ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። ሆኖም በ2022 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ትልልቆቹን ኩባንያዎች በየስድስት ወሩ ሪፖርት አውጡ ይላቸዋል። በእያንዳንዱ የኅብረቱ ቋንቋ ስንት ተቆጣጣሪ እንዳላቸው በቁጥር ይጽፋሉ፤ የማልታም አብሮ ይጻፋል። ስለ አማርኛ እንዲህ ያለ ግዴታ የጣለባቸው የለም።

እኛም ሕግ የለንም አይባልም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሳ ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን የሚያነብ ሰው ሳይቀጠር በ24 ሰዓት ምን ይነሳል? ለምክር ቤት ተወካዮቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ኩባንያዎቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁልን፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ስንት ሰው ቀጥራችኋል? በየስድስት ወሩ በጽሑፍ ያሳውቁን።